ኢትዮጵያ የቀረችባቸው ኦሎምፒኮች

ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ኦሎምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሰለፍ ሌሎች አገሮች በፖለቲካ ምክንያት ከዚያው ውድድር ቀርተው ነበር። ግብፅ፣ ኢራቅና ሊባኖስ በስዊዝ ቦይ ሳቢያ የተከፈተውን ጦርነት ተቃውመው፣ ሆላንድ፣ ስፔንና ስዊዘርላንድ ደግሞ የሶቪየት ታንኮች ቡዳፔስት መግባታቸውን ተቃውመው አልተገኙም። ቻይናም በታይዋን ጉዳይ አኩርፋ ቀረች። አዲስ ገቢው የኢትዮጵያ ቡድን ሯጮችና ብስክሌተኞች ይዞ ሄዶ ያለ ሜዳሊያ ተመለሰ፤ ከሯጮቹ አንዱ ያኔ ማንም የማያውቀው ማሞ ወልዴ ነበር። በሚቀጥሉት 32 ዓመታት ውስጥ ግን ኢትዮጵያ ራሷ ሦስት ጊዜ ቀረች፦ ከሞንትሪያል፣ ከሎስ አንጀለስና ከሴኡል። ሦስቱ መቅረቶች በመዝገብ ላይ ቢመሳሰሉም ምክንያታቸው አንድ አይደለም። የመጀመሪያው አገሪቱ ለሃያ ዓመት ያህል ስትሟገትለት የኖረችው የራሷ ጉዳይ ነበር። ሁለቱ የሌላ ቤት ጠብ ነበሩ።

የመጀመሪያው ጉዳይ ከእግር ኳስ ይጀምራል፤ ያለ ይድነቃቸው ተሰማም አይነገርም። ይድነቃቸው መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. በጅማ ተወለዱ። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በግጥምና በዜማ ስመ ጥር የነበሩ፣ ድምፃቸውንም ጀርመን አገር ድረስ ሄደው በሸክላ ያስቀረጹ ሰው ናቸው። ልጃቸው ኳስ መረጡ። ለቅዱስ ጊዮርጊስ ተጫወቱ፣ ለብሔራዊ ቡድን ተሰለፉ፣ አሠለጠኑ፣ ከነፃነት በኋላም የአገሪቱን የእግር ኳስ ፌዴሬሽን ካቋቋሙት ዋነኛው ሆኑ። ወጣትነታቸው ያለፈው በጣሊያን ወረራ ዘመን ነው። በዚያ ዘመን የአዲስ አበባ ኳስ የነጭና የአገሬው ተብሎ ለሁለት ተከፍሎ ነበር። በቆዳ ቀለም የተከፈለ ሜዳ ምን እንደሚመስል ከመጽሐፍ መማር አላስፈለጋቸውም፤ ከዚያ በኋላ ያደረጉትን ሁሉ ለመረዳት ይህን አለመርሳት ይበጃል።

የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በየካቲት 1949 ዓ.ም. በካርቱም ሲቋቋም መሥራቾቹ አራት ነበሩ፦ ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ። በዚያው ወር እዚያው ካርቱም የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ እንዲካሄድ ተወሰነ፤ ዕጣውም ኢትዮጵያን ከደቡብ አፍሪካ ጋር አገናኘ። ደቡብ አፍሪካ ወይ ሁሉም ነጭ የሆኑበት ወይ ሁሉም ጥቁር የሆኑበት ቡድን እንደምትልክ፣ የተቀላቀለ ግን እንደማትልክ አስታወቀች። ሦስቱ አገሮች አልተቀበሏትም። ኢትዮጵያ አንድም ጨዋታ ሳትጫወት ለፍጻሜ አለፈች፣ በፍጻሜውም በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች። አራቱንም ግብ ያስቆጠረው አንድ ሰው፣ ኤል ዲባ ነበር። ውጤቱ የሚያኮራ አልነበረም። ነገር ግን ደቡብ አፍሪካን በዘር መድልዎ ምክንያት ከውድድር ያስቀረው የአፍሪካ ማኅበር ገና በተወለደበት ወር ያደረገው ነው፤ ዓለም አቀፉ የኦሎምፒክ ኮሚቴ እዚህ ለመድረስ ዓመታት ፈጀበት።

በጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ ምሽት፣ አበበ ቢቂላ ሮም ውስጥ በባዶ እግሩ ማራቶን ሮጠ። መንገዱ በጥንታዊው የአፒያ ጎዳና ያልፍ ነበር፤ ሲመሽ ወታደሮች ችቦ ይዘው ዳር ለዳር ቆመው አበሩለት። ወደ መጨረሻው ሲቃረብ መንገዱ የአክሱምን ሐውልት አጠገብ ታክኮ ያልፋል። ሐውልቱን የሙሶሊኒ ሠራዊት በወረራው ዘመን ነቅሎ ወስዶ ሮም ላይ ያቆመው ነው። አበበ ሞሮኳዊውን ራዲ ቤን አብደሰላምን ጥሎ የወጣው እዚያ አካባቢ ነበር። በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ፣ በጊዜው በዓለም ፈጣን በነበረ ሰዓት፣ ከቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር ደረሰ። በዚህ ውድድር ማንም መፈክር አላሰማም፣ ማንም አልቀረም። ግን ከወረራው ሃያ አራት ዓመት ብቻ ያለፈው ኢትዮጵያዊ የዚያን ምሽት ዜና የስፖርት ዜና ብቻ አድርጎ ሊሰማው አይችልም ነበር። ሐውልቱ ወደ አክሱም የተመለሰው ከዚያ 45 ዓመት ቆይቶ በ1997 ዓ.ም. ነው።

በጥር 1954 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫ በአዲስ አበባ ተካሄደ። ኢትዮጵያ በተጨማሪ ሰዓት ግብፅን 4 ለ 2 አሸነፈች፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ዋንጫውን ለአምበሉ ለሉቻኖ ቫሳሎ ሰጡ። ሉቻኖ አስመራ ውስጥ ከጣሊያናዊ አባትና ከኤርትራዊት እናት የተወለደ ተጫዋች ነበር። አሠልጣኙ ይድነቃቸው ነበሩ። በተከታዩ ዓመት የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በአዲስ አበባ ሲመሠረት ደቡብ አፍሪካን የማግለሉ ትግል በኳስ ሰዎች ጉባኤ ብቻ ሳይሆን በመሪዎችም ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ።

ከዚያ በኋላ ክርክሩ ከፊፋ ጋር ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1966 ለተካሄደው የእንግሊዝ የዓለም ዋንጫ ፊፋ ለአፍሪካ አንድም ቀጥተኛ ቦታ አልመደበም፤ የአፍሪካ አሸናፊ ከእስያና ከኦሺያንያ አሸናፊ ጋር ተጋጥሞ እንዲያልፍ ወሰነ። የጋናው ኦሄኔ ጃንና ይድነቃቸው ተቃውሞውን መሩ፣ የአፍሪካ ቡድኖችም በአንድነት ከማጣሪያው ወጡ። በዚያ የዓለም ዋንጫ ላይ ከአፍሪካ የተወለደ ምርጥ ተጫዋች አልጠፋም፤ የሞዛምቢኩ ተወላጅ ዩሴቢዮ ነበር፣ የለበሰው ግን የፖርቱጋልን ማልያ ነው። ቀጣዩ የሜክሲኮ ዋንጫ ሲመጣ አፍሪካ የራሷን አንድ ቦታ አገኘች። አድማው የጠየቀውን በአንድ ዙር አስገኝቷል፤ የአፍሪካ የስፖርት ሰዎች ከዚህ የተማሩት በኋላ በኦሎምፒክ ሜዳ ላይ ታየ።

በየካቲት 1960 ዓ.ም. የኦሎምፒክ ኮሚቴ ደቡብ አፍሪካ ወደ ሜክሲኮ ከተማ እንድትመለስ ወሰነ። ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን ለመላክ ተስማምታለች፤ የመምረጫ ውድድሮቹ ግን ለየብቻ እንዲሆኑ ፈልጋለች። ውሳኔው እንደተሰማ ወዲያው አንሄድም ያሉት ሁለት አገሮች ኢትዮጵያና አልጄሪያ ናቸው። የአፍሪካ ስፖርት የበላይ ምክር ቤት ተከተላቸው፣ ከእስያና ከካሪቢያንም ድጋፍ መጣ፣ የሶቪየት ጎራም አመነታ። በሚያዝያ ኮሚቴው ግብዣውን አነሣ። ኢትዮጵያ ያኔ የምታጣው ብዙ ነበር፤ የሁለት ተከታታይ ማራቶን አሸናፊ የሆነው አበበ በቡድኑ ውስጥ ነበር። ዛቻው ግን ስለተሳካ ቡድኑ ሄደ፣ አበበ ታሞ ሲያቋርጥ ማሞ ወልዴ የማራቶኑን ወርቅና የ10 ሺህ ሜትር ብር ይዞ ተመለሰ።

በሙኒክም ይኸው ተደገመ። በነሐሴ 1964 ዓ.ም.፣ መክፈቻው ሊደርስ አራት ቀን ሲቀረው፣ በነጮች አገዛዝ ሥር የነበረችው ሮዴዥያ እንድትባረር ኢትዮጵያን ጨምሮ የአፍሪካ አገሮች ጠየቁ። ኮሚቴው 36 ለ 31 በሆነ ድምፅ፣ በ3 ድምፀ ተዓቅቦ፣ ሮዴዥያን አስወጣ። ይድነቃቸው ከአንድ ዓመት በፊት የኮሚቴው አባል ሆነው ነበር፣ በ1964 ዓ.ም. ደግሞ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆኑ። በ1966 ዓ.ም. በፍራንክፈርት የፊፋ ጉባኤ የደቡብ አፍሪካ ወዳጅ ተደርገው ይታዩ የነበሩት ስታንሊ ራውስ በብራዚላዊው ዣው አቬላንዥ ሲሸነፉ ሚዛኑን የደፋው የአፍሪካ ድምፅ ነው።

ሞንትሪያል የመጣው በዚህ ሁሉ ላይ ነው። በሰኔ 1968 ዓ.ም. የሶዌቶ ተማሪዎች በአፍሪካንስ ቋንቋ መማርን ተቃውመው አደባባይ ወጡ፣ ፖሊስም ተኩሶ ገደላቸው። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን ለጉብኝት ደቡብ አፍሪካ ገባ። የአፍሪካ አገሮች ኒውዚላንድ ከሞንትሪያል እንድትወጣ ጠየቁ። የኦሎምፒክ ኮሚቴ ፕሬዚዳንት ሎርድ ኪላኒን ራግቢ የኦሎምፒክ ስፖርት ስላልሆነ አያገባንም ሲሉ መለሱ። መልሱ በሕግ ቋንቋ ትክክል ነበር። የሶዌቶ ልጆች አስከሬን ገና ከመቀበሩ ከገዳዮቹ ጋር ኳስ ለመጫወት መሄድ ምን ማለት እንደሆነ ግን አልመለሰም። ሐምሌ 10 ቀን መክፈቻው ሲደረግ ከ25 የሚበልጡ፣ አብዛኞቹ የአፍሪካ የሆኑ አገሮች ሰልፉ ላይ አልነበሩም፤ ኢትዮጵያም አብራ ቀረች። ከጥቁር አፍሪካ የተሳተፉት እንደ ሴኔጋልና ኮትዲቯር ያሉ ጥቂቶች ነበሩ።

ዋጋውን የከፈሉት ሯጮቹ ናቸው። ምሩፅ ይፍጠር በሙኒክ በ10 ሺህ ሜትር ነሐስ አግኝቶ ነበር፤ የ5 ሺህ ሜትር ማጣሪያው ግን አምልጦት አራት ዓመት ሞንትሪያልን ሲጠብቅ ኖረ። በሞንትሪያል የፊንላንዱ ላሰ ቪረን ሁለቱንም ርቀት አሸንፎ የሙኒክ ድሉን ሲደግም ምሩፅ ከአጠገቡ አልነበረም። የታንዛኒያው ፊልበርት ባዪም በ1 ሺህ 500 ሜትር ከኒውዚላንዱ ጆን ዎከር ጋር ሊያደርገው የነበረው፣ ዓለም ሁሉ የጠበቀው ፉክክር ቀረ። ያም ሆኖ ይህ መቅረት ፍሬ ነበረው። ፊፋ በዚያው ወር፣ እዚያው ሞንትሪያል ባደረገው ጉባኤ ደቡብ አፍሪካን ጨርሶ አባረረ። በተከታዩ ዓመትም የኮመንዌልዝ መሪዎች ከአፓርታይድ ጋር የስፖርት ግንኙነት እንዳይኖር በግሌንኢግልስ ተስማሙ። ሯጮቹ ያጡት ሜዳሊያ በሌላ ነገር ተተክቷል ለማለት ቢያስቸግርም፣ ለከንቱ ቀረ ግን አይባልም።

በ1972 ዓ.ም. ነገሩ ተገላበጠ። ሶቪየት ኅብረት አፍጋኒስታን ስለገባች አሜሪካ የሞስኮን ኦሎምፒክ አትሂዱ ብላ ዞረች፤ ፕሬዚዳንት ካርተር ቡጢኛውን መሐመድ አሊን ወደ አፍሪካ እስከ መላክ ደረሱ። ኬንያ ቀረች፣ ኢትዮጵያ ሄደች። የደርግ መንግሥት ከሞስኮ ጋር የነበረው ወዳጅነት መልሱን አስቀድሞ ወስኖታል። ለምሩፅ ግን ይህ ስምንት ዓመት የተጠበቀ ቀን ነበር። ከመሐመድ ከድርና ከቶሎሳ ቆቱ ጋር በ10 ሺህ ሜትር ፍጻሜ እየፈጠኑና እያቀዘቀዙ የተቀናቃኞቻቸውን እግር ሰበሩ። ሦስት መቶ ሜትር ሲቀር ምሩፅ ተነሣ፣ ከኋላው የተከተለው አልነበረም። ሕዝቡ ማርሽ ቀያሪው ያለው በዚህ ነው። በአምስተኛው ቀን 5 ሺህ ሜትሩንም በዚያው መንገድ አሸነፈ። መሐመድ ከድር በ10 ሺህ፣ እሸቱ ቱራ በ3 ሺህ ሜትር መሰናክል ነሐስ አገኙ።

ከአራት ዓመት በኋላ ሶቪየት ኅብረት የአጸፋውን ተራ ወሰደች። ለአትሌቶቿ ደኅንነት ዋስትና የለም በሚል ሰበብ ከሎስ አንጀለስ መቅረቷን በሚያዝያ 1976 ዓ.ም. መጨረሻ አስታወቀች፣ ወዳጆቿም አንድ በአንድ ተከተሏት። ከአፍሪካ በዚህ ጎራ ተሰልፈው የቀሩት ኢትዮጵያና አንጎላ ብቻ ናቸው። የሶቪየት ጎራ አባል የነበረችው ሩማንያ እንኳ ሄዳለች። በዚህ መቅረት ውስጥ ሶዌቶ አልነበረም፤ የተጠየቀ ነገር አልነበረም፣ የተገኘም ነገር አልነበረም። ጊዜው ደግሞ የኢትዮጵያ ሯጮች የበሰሉበት ነበር። ከ1973 እስከ 1977 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ወንዶች ቡድን በዓለም አገር አቋራጭ አምስት ጊዜ በተከታታይ አሸንፏል። ከበደ ባልቻ ከሎስ አንጀለስ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በሄልሲንኪ የዓለም ሻምፒዮና በማራቶን ሁለተኛ ወጥቷል። እነዚህ ሰዎች በሕይወታቸው ምርጥ ጊዜ ላይ ሳሉ የኦሎምፒኩ በር ተዘጋባቸው።

የሴኡሉ ከሁሉም የሚከብድ ነው። ሰሜን ኮሪያ ውድድሩን እኩል አብራ ለማዘጋጀት ጠየቀች፤ የኦሎምፒክ ኮሚቴ ጥቂት የስፖርት ዓይነቶችን ሊሰጣት ለዓመታት ተደራደረ፣ ሳይስማሙ ቀሩ። ሶቪየት ኅብረት፣ ምሥራቅ ጀርመንና ቻይና ወደ ሴኡል ለመሄድ ወሰኑ፤ በአጠቃላይ 159 ቡድኖች ተሰለፉ። ከሰሜን ኮሪያ ጋር ወግነው ከቀሩት ጥቂቶች መካከል ኩባና ኢትዮጵያ ነበሩ። የሎስ አንጀለሱን ጉዞ ጎራው አስቀረው ቢባል፣ ሴኡል ላይ ጎራው ራሱ ሄዷል።

በዚያ ላይ ኢትዮጵያ ያልሄደችበት አገር ለኢትዮጵያ ባዕድ አልነበረም። በ1943 ዓ.ም. ከክቡር ዘበኛ የተውጣጣው የቃኘው ሻለቃ ከተባበሩት መንግሥታት ጦር ጋር ተሰልፎ ለመዋጋት ፑሳን ወደብ ደርሷል። በጦርነቱ 121 ኢትዮጵያውያን ሲሞቱ 536 ቆስለዋል፣ አንድም ሰው አልተማረከም። በ1960 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ደቡብ ኮሪያን ሲጎበኙ በቹንቾን ከተማ ለዘማቾቹ የመታሰቢያ ሐውልት ቆሟል። ማሞ ወልዴ ራሱ ከጦርነቱ በኋላ በሰላም ማስከበር ኮሪያ ያገለገለ ወታደር ነው። በ1981 ዓ.ም. መስከረም የሴኡል ስታዲየም ሲከፈት የእነዚህ ሰዎች አገር ባንዲራ አልነበረም።

በዚያ ዓመት የዓለም ፈጣን የማራቶን ሯጭ ደግሞ ኢትዮጵያዊ ነበር። በላይነህ ዴንሳሞ ሚያዝያ 9 ቀን 1980 ዓ.ም. ሮተርዳም ላይ በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ገብቶ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረ። ሁለተኛ የወጣው የጅቡቲው አሕመድ ሳላሕ በ2 ሰዓት ከ7 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ነው የደረሰው። ከአምስት ወር ተኩል በኋላ በሴኡል ማራቶን ጣሊያናዊው ጄሊንዶ ቦርዲን በ2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ከ32 ሰከንድ ወርቁን ወሰደ፣ ኬንያዊው ዳግላስ ዋኪሁሪ ሁለተኛ ወጣ። ሦስተኛ የወጣው አሕመድ ሳላሕ ነበር፤ ለጅቡቲም የመጀመሪያውን የኦሎምፒክ ሜዳሊያ አስገኘላት። ማራቶን ባሕርዩ የማይታወቅ ውድድር ነውና በላይነህ ሴኡል ላይ ያሸንፍ ነበር ማለት አይቻልም። ሮተርዳም ላይ ከኋላው የነበረው ሰው ሜዳሊያ ሲያጠልቅ እሱ የመነሻው መስመር ላይ እንዲቆም እንኳ አልተፈቀደለትም። ክብረ ወሰኑ ለአሥር ዓመት ከአምስት ወር ሳይሰበር ቆይቷል፣ የኦሎምፒክ ሜዳሊያ ግን በሕይወቱ አላገኘም። ኬንያ ከሞንትሪያልና ከሞስኮ ከቀረች በኋላ ወደ ውድድሩ ተመልሳ በሴኡል አምስት ወርቅ አፍሳለች። ሁለቱ ጎረቤታሞች በረጅም ርቀት ሩጫ የተለያየ ታሪክ የያዙት በእግር ፍጥነት ብቻ አይደለም።

ይድነቃቸው ሴኡልን አላዩም። ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. ሲያርፉ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን ለ15 ዓመት መርተዋል፤ ደቡብ አፍሪካም እንደተገለለች ነበረች።

ያ መገለል ሲያበቃ ማብቂያውን ያሳየችው ኢትዮጵያዊት ናት። ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም. በባርሴሎና የሴቶች 10 ሺህ ሜትር ፍጻሜ ከሮም ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የተመለሰችው ደቡብ አፍሪካ ሯጭ ኢላና ሜየር ከፊት ወጣች። ነጭ ናት። የሃያ ዓመቷ የበቆጂ ልጅ ደራርቱ ቱሉ ብቻ ተከተለቻት። ዙር በዙር ከኋላዋ ተጠግታ ሮጣ የመጨረሻው ዙር ሲደርስ አልፋት ሄደች፣ በ31 ደቂቃ ከ6 ሰከንድ ገባች። ከጥቁር አፍሪካውያት ሴቶች የኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ሆነች። መስመሩን ካለፈች በኋላ ቆማ ሜየርን ጠበቀቻት። ተቃቀፉ፣ ከዚያም እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን አብረው ዞሩ። በ1949 ዓ.ም. በካርቱም ሳይደረግ የቀረው የኢትዮጵያና የደቡብ አፍሪካ ግጥሚያ በ35ኛ ዓመቱ በዚህ መልክ ተደረገ።

ፖለቲካው ግን ከአትሌቶቹ አልራቀም፤ መልኩን ለወጠ እንጂ። ማሞ ወልዴ ከደርግ ውድቀት በኋላ በቀይ ሽብር ዘመን በተፈጸመ ግድያ ተጠርጥሮ ታሰረ፣ ፍርድ ሳያገኝም ዘጠኝ ዓመት ያህል ቆየ። እሱ ድርጊቱን አልፈጸምኩም ይል ነበር፤ የኦሎምፒክ ኮሚቴም ስለ እሱ ደጋግሞ ጠይቋል። በጥር 1994 ዓ.ም. ጥፋተኛ ተብሎ ስድስት ዓመት ተፈረደበት፣ ከዚያ በላይ ታስሮ ስለነበርም ተፈታ። ግንቦት 18 ቀን በዚያው ዓመት አረፈ። በእግር ኳሱ በኩል በ2000 ዓ.ም. ክረምት ፊፋ በፌዴሬሽኑ አመራር ላይ በተነሣው ውዝግብ ኢትዮጵያን አገደ፣ ብሔራዊ ቡድኑም ለደቡብ አፍሪካው የዓለም ዋንጫ ይደረግ ከነበረው ማጣሪያ ተሰረዘ።

ነሐሴ 15 ቀን 2008 ዓ.ም. በሪዮ ዴ ጃኔሮ ፈይሳ ሌሊሳ በማራቶን ከኬንያዊው ኤሉድ ኪፕቾጌ ቀጥሎ በ2 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ከ54 ሰከንድ ሁለተኛ ሲገባ ሁለት እጁን ከራሱ በላይ አጣምሮ ቆመ። ምልክቱ በዚያ ዓመት በኦሮሚያ በተቃውሞ የወጡ ሰዎች ይጠቀሙበት የነበረ ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ በኢትዮጵያ ስፖርት ውስጥ አቋም የሚይዘው መንግሥት ነበር፤ አትሌቱ ወይ ይሄዳል ወይ ይቀራል። እዚህ ላይ መንግሥት ሳይሆን ሯጩ ተናገረ፣ የተናገረውም ቀርቶ ሳይሆን ሮጦ ነው። ሜዳሊያው አልተነጠቀም። ወደ አገሩ ግን አልተመለሰም፤ ወደ አሜሪካ ሄዶ ሁለት ዓመት ኖረ። የመንግሥት ለውጥ ከመጣ በኋላ ጥቅምት 11 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቤተሰቡ ጋር አዲስ አበባ ገባ።